የመጋቢት ብር በመጋቢት ይከፈለን፦ ለወረዳችን የምግብ ዋስትና ጽሕፈት ቤት ግልጽ ደብዳቤ

ለወረዳችን የምግብ ዋስትና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ግልባጭ፦ ለወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት፣ ለወረዳው አስተዳዳሪ

ክቡር ኃላፊ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ይህን የምጽፈው በቀበሌያችን የልማታዊ ሴፍቲኔት፣ ማለትም እህል ለሚያንሳቸው ድሃ ቤቶች በአብዛኛው በሕዝብ ሥራ ብር የሚከፈልበት ፕሮግራም፣ ተጠቃሚዎች ስም ነው። የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ጸሐፊ አድርገው የመረጡኝ 12ኛን ጨርሼ ቤት ስለተቀመጥኩና ስልክ ስላለኝ ይመስለኛል። እኔም እንደ ሰው ሁሉ ከጥር እስከ ሰኔ እርከን እሠራለሁ፣ ድንጋይ እሸከማለሁ። ብሩ ሲዘገይ የእኛም ቤት ይጨንቀዋል። ስለዚህ ከዳር ቆሜ አይደለም የምናገረው።

ለመጻፍ ያነሳሳን ሰሞኑን የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ነው። የየካቲት፣ የመጋቢትና የሚያዝያ ክፍያ «ወደፊት በሚገለጽ ቀን በአንድ ላይ ይከፈላል» ይላል። ምክንያት የለውም። ቀን የለውም። ማኅተም ብቻ አለው። ማንበብ የማይችሉት አዛውንቶች እያስቆሙ «ምን ይላል ልጄ?» ሲሉኝ የምመልሰው ነገር አልነበረኝም።

ወደ ቅሬታው ከመግባቴ በፊት ይህ ብር አንድ ቤት ገብቶ ምን እንደሚሠራ ልንገርዎት። ስብሰባ ላይ ስለ እኛ ሲወራ የምሰማው «ጥገኝነት» የሚለውን ቃል ብቻ ስለሆነ ነው።

ከእኛ በላይ ካለው ጎጥ አንዲት እናት አለች። ባሏ ሞቷል፣ ሦስት ልጆች አሏት። መሬት አላት፣ በሬ ግን የላትም። በሬ የሌለው ሰው መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ ከምርቱ ግማሹ ወደ ሰው ጎተራ ይገባል ማለት ነው። ሴፍቲኔት ከመግባቷ በፊት ትልቁ ልጇ ትምህርቱን ትቶ ሰው ቤት እረኛ ተቀጥሮ ነበር። ብሩን ማግኘት ስትጀምር መጀመሪያ የገዛችው እህል ነው፤ ይሄ የታወቀ ነው። እህል ቤት ውስጥ ሲኖር ግን ሌላውም ተከተለ። ልጁን ከእረኝነት መለሰችው፣ ደብተርና እስክርቢቶ ገዛችለት። ስትከፈል ብዙ ጊዜ አጠገቧ ተሰልፌያለሁ። ብሩን እንደተቀበለች ከሰልፉ ወጣ ትልና መሬት ቁጭ ብላ ኖቶቹን ሦስት ቦታ ትለያቸዋለች። የእህሉን በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች። የዕድሩን እዚያው ለጎረቤቷ ትሰጣለች። የቀረችውን አጣጥፋ የተጠቃሚ ካርዷ መሃል ታስገባለች። ያቺ የቀረችው ተጠራቅማ በግ ሆነች።

በብሩ ፈንታ ስንዴ በጆንያ ብትቀበል ኖሮ እዚህ መድረሷን እጠራጠራለሁ። የእርዳታ ስንዴ ገበያ አውጥቶ ሸጦ ጨው፣ ሳሙና፣ መድኃኒት የሚገዛ ሰው ምን ያህል እንደሚከስር ገበያ ቆሞ ያየ ያውቀዋል። ብር ለባለቤቱ ምርጫ ይሰጠዋል። ዘር ያነሰው ዘር ይገዛል፣ ልጁ የታመመበት ጤና ጣቢያ ይሄዳል። የትኛው እንደሚቀድም የሚያውቀው ደግሞ ቤቱ ነው።

ብሩ ትንሽ ነው፣ ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። ትንሹን ብር የሚያበረክተው ቀኑ መታወቁ ነው። ቀኑ ከታወቀ ባለሱቁ በዱቤ ይሰጣል፣ ዕቁብ ይገባል፣ ጊደር ለመሸጥ የተነሳ ሰው «እስቲ ሁለት ሳምንት ልታገሥ» ይላል። ቀኑ ካልታወቀ ይሄ ሁሉ የለም፤ ብሩ መጨረሻ ላይ ቢመጣም እንኳ የሚመጣው ለዕዳ ነው። የዚህ ደብዳቤ ዋና ጉዳይ ይሄው ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚከተል ነው።

እንግዲህ ቅሬታችን።

አንደኛ፣ መዘግየቱ። ዘንድሮ የየካቲት ሳይከፈል ዐቢይ ጾም ገባ። በጾም ሥጋ የሚበላ የለም፣ ስለዚህ ነጋዴውም የበግ ዋጋ ይሰብራል። ትንሽ አቅም ያለው ሰው ከብቱን እስከ ፋሲካ ያቆያል፤ ቤቱ እህል ያለቀበት ግን ማቆየት አይችልም። ያቺ የነገርኩዎት እናት በጓን ጾሙ ሲጋመስ አውጥታ ሸጠች። በጓ ያረገዘች ነበረች። ነጋዴው ሆዷን ዳብሶ እያወቀ በጾም ዋጋ ወሰዳት። የየካቲቱ ብር በጊዜው ቢደርስ ኖሮ ዛሬ ደጇ ላይ እናትና ግልገል ይኖሩ ነበር። አሁን ብሩ ተጠራቅሞ ቢመጣ እንኳ ለፋሲካ ከጨመረው ዋጋ በኋላ እንደዚያች ዓይነት በግ አይገዛላትም። ለሪፖርት ክፍያው ተፈጽሟል ይባላል። እሷ ግን በግ የላትም።

የዋጋው ነገር በበግ አያበቃም። የቀን ክፍያችን ሲሰላ 3 ኪሎ እህል እንዲገዛ ታስቦ ነው። በስንት ወር ገበያ ነው 3 ኪሎ የሚገዛው? እህል በጥር ይረክሳል፣ በሐምሌና በነሐሴ ይወደዳል፤ ይሄ ለገበሬ የሚነገር ነገር አይደለም። በበጋው ዋጋ የተሰላ ብር ክረምት ላይ ሲሰጠን ማንም ሳይነካው ጎድሎ ነው የሚደርሰን። አዲስ ነገርም አይደለም። ፕሮግራሙ በ1997 ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር፤ በ2000 ወደ 8 ብር ከፍ ሲል የእህል ዋጋ ግን ጥሎት ሄዶ ነበር። በየቦታው ብዙ ተጠቃሚ «ብሩ ይቅርብን፣ እህሉን ስጡን» ማለት የጀመረው ያኔ ነው። ሰው ብር ጠልቶ አልነበረም፤ ብሩ እጁ ላይ እየቀለጠ ስላስቸገረው ነው። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ዘይቱም ማዳበሪያውም የት እንደደረሰ ጽሕፈት ቤትዎ ከእኛ በላይ ያውቃል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሦስት ወር መዘግየት ማለት ክፍያ መቀነስ ማለት ነው።

«ተጠራቅሞ ሲመጣ ይሻላችኋል፣ ቁም ነገር ትገዙበታላችሁ» ያለንም ባለሙያ አለ። እውነት አለው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። በምዕራብ ኬንያ ገጠር ለድሃ ቤተሰቦች ጥሬ ብር ተሰጥቶ የተጠና ጥናት አለ፣ በፈረንጆቹ 2016 የታተመ። በየወሩ የተቀበሉት ቤቶች ምግባቸው ተሻሻለ፣ በአንድ ጊዜ የተቀበሉት ደግሞ እንደ ቆርቆሮ ያለ ዘላቂ ንብረት የመግዛት ዝንባሌ አሳዩ። ስለዚህ ታቅዶ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ብር ጥቅም አለው፣ እኛም አንጠላም። የእኛ የተጠራቀመው ግን ታቅዶ የተጠራቀመ አይደለም፤ ጠፍቶ ከርሞ የመጣ ነው። ከመድረሱ በፊት ተበልቶ አልቋል። ማን እንደበላው ደግሞ ቀጥሎ እነግርዎታለሁ።

ሁለተኛ፣ ካርዳችን። አንድ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ከመደርደሪያው ጀርባ በላስቲክ የታሰረ የተጠቃሚ ካርድ ክምር በዓይኔ አይቻለሁ። ከላይኛው ካርድ ላይ የማውቃቸው ባልና ሚስት ፎቶ አለ። ክፍያ ሲዘገይ ሰው እህል በብድር ይወስዳል፣ ማስያዣው ካርዱ ነው። አንድ ጣሳ የተበደረ ሲከፍል ከአንድ ጣሳ በላይ ነው የሚከፍለው፤ አራጣ ስሙን ቢቀይርም አራጣ ነው። የክፍያ ቀን ነጋዴው ክምሩን ይዞ ይመጣል፣ ካርዱን ለየባለቤቱ ያድላል። ባለቤቶቹ ይሰለፋሉ፣ ይፈርማሉ፣ ይቀበላሉ፣ አሥር እርምጃ ሄደው ያስረክባሉ። ካርዱም ብሩም ተመልሶ እሱ ጋ። ይህን የማያይ የለም፤ ከፋዩም ያያል፣ የቀበሌው ሊቀመንበርም ያያል። ነጋዴውን ብቻ መውቀስ ይቀለናል፣ ግን ገበያውን የፈጠረለት የእናንተ መዘግየት ነው። ክፍያው በወሩ ቢመጣ ኖሮ ካርድ የሚያስይዝ ሰው ከየት ይመጣል?

ሦስተኛ፣ ቆረጣ። ብሩ ስንት ወር ጠብቀነው ሲመጣ ከፋዩ ጠረጴዛ አጠገብ ሌላ ጠረጴዛ ይቀመጣል። የማዳበሪያ ዕዳ፣ ለዚህ መዋጮ፣ ለዚያ መዋጮ ይባላል። ደረሰኝ የሚሰጥ ጊዜ አለ፣ የማይሰጥም ጊዜ አለ። ዕዳ ያለበት ዕዳውን ይክፈል፣ መዋጮም ቢሆን ሕዝብ መክሮ ካመነበት ያዋጣል። ችግሩ ከድሃ ላይ የሚሰበሰብበት ቦታና ሰዓት ነው፤ እዚያ ቆሞ «አልከፍልም» ማለት የሚችል ሰው የለም፣ በሚቀጥለው ዓመት ስሙ ከዝርዝር እንዳይወጣ ይፈራል። ሙሉ ክፍያን በወቅቱ ማግኘት መብታችን እንደሆነ የተጠቃሚዎች መብትና ግዴታ በተዘረዘረበት ቻርተር ተጽፏል። ስብሰባ ላይ ያነበባችሁልን እናንተው ናችሁ።

አራተኛ፣ የስልክ ክፍያ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ለእኔ ዓይነቱ ይመቻል። መንገዱን ያሳጥራል፣ ቆረጣውንም ያስቀር ነበር። ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ፣ ማለትም መሥራት ለማይችል ያለ ሥራ የሚከፈለውን ብር፣ የሚያገኙ አንድ አባት ግን አሉ፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ስልክ የላቸውም። ሲም ካርዱ በዘመድ ልጅ ስም ወጣ። ልጁ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ስልኩን ይዞት ሄደ። ብሩ «ገብቷል» ይባላል፣ እሳቸው ጋ ግን አልደረሰም። ስልኩ ያለውም ቢሆን ከተማ ድረስ በእግሩ ይሄድና ወኪሉ «ኔትወርክ የለም» ይለዋል፤ ኔትወርክ ሲኖር ደግሞ «ጥሬ ብር አልቆብኛል፣ ነገ ተመለስ» ይለዋል። ነገ ማለት አዳር ነው፣ አዳር ማለት ምግብና መኝታ ነው። አንዳንዱ ወኪል ላወጣበት ብሎ ከላዩ ላይ ይቆነጥራል። ይህን ለማን እንደምንከስ እንኳ አይታወቅም፤ ወረዳው «ብሩን በስልክ የሚልከውን ድርጅት ጠይቁ» ይላል፣ ድርጅቱ «ወረዳውን» ይላል።

አምስተኛ፣ እናቶች። በመመሪያው ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከሕዝብ ሥራ ወጥታ ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወራለች። ሥራ ሳትሠራ ይከፈላታል ማለት ነው። ባለፈው የተፋሰስ ሥራ ላይ ግን ሆዷ የገፋ ሴት ክትር ስትሠራ፣ ድንጋይ በጀርባዋ ስታመላልስ ቆይታለች። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ «ከጤና ኤክስቴንሽኗ ወረቀት አላመጣችም» ተባለ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ሥልጠና ላይ ነበረች። ሆዷ እየታየ ወረቀት መጠየቅ ምን የሚሉት አሠራር ነው? በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ አልጽፍም፣ ስለሚያናድደኝ ነው።

ስድስተኛ፣ ምረቃ። ከፕሮግራሙ መውጣት የሚጠላ የለም። ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ሊሸከም የሚፈልግ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ግን የምረቃው መለኪያ ምንድን ነው? አንድ ቤት ተመረቀ የተባለው ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ነው። ቆርቆሮውን የገዛችው ዓረብ አገር ሄዳ የነበረች ልጃቸው ናት፤ እሷ ከተመለሰች ቆይታለች፣ አሁን እናትና አባቷ ቤት ሥራ ፈታ ተቀምጣለች። ቆርቆሮ አይበላም። ሌላው ደግሞ አንድ ዓመት ዝናብ አምሮለት ጎተራው ሞላ ተብሎ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ሲቀር የሚመለስበት በር ተዘግቶ ጠበቀው። ስም ሲወጣ ሕዝብ ፊት አልተነበበም፣ ቅሬታ የሚቀርብበት ቀን አልተነገረም። እኛ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ተብለን ዝርዝሩን የሰማነው ከሰው አፍ ነው። እንዲያው ለስሙ ነው የተቋቋምነው? መቼም የኮታ ነገር ይኖራል ብለን እንጠረጥራለን፤ ከሌለ ደግሞ የለም በሉን።

አሁን «ጥሬ ብር ከሰጠናችሁ ጠላ ቤት ታደርሱታላችሁ» ወደሚለው ልምጣ። ባለፈው ስብሰባ ላይ የተባለ ነው፣ ሰውም ስቋል። የሚጠጣ የለም አልልም፤ አንድ ሁለት አውቃለሁ፣ ሴፍቲኔት ሳይመጣም ይጠጡ ነበር። ጉዳዩ ግን በእኛ ቀበሌ ወሬ የሚፈታ አይደለም። የዓለም ባንክ ባለሙያዎች ከላቲን አሜሪካ፣ ከአፍሪካና ከእስያ 19 ጥናቶችን ሰብስበው አይተውታል። ድሃ ብር ሲሰጠው ለመጠጥና ለሲጋራ የሚያወጣው ጨመረ የሚል ጠቅላላ ውጤት አላገኙም። የኬንያውም ጥናት ያው ነው። ብሩ የሄደው ወደ ምግብ፣ ወደ ከብት፣ ወደ ቤት ነው። ስለዚህ ባለሙያ ሰው ይህን ቀልድ ሕዝብ ፊት ባይደግመው ደስ ይለናል። በዚያ ላይ እኛ የምንከፈለው ሠርተን ነው። ያ ሁሉ እርከን፣ ያ ሁሉ ክትር፣ ያ የተከለለው ተራራ በማን ጉልበት የተሠራ ነው? ጎብኚ ሲመጣ የምታሳዩት እሱን ነው።

መዘግየቱ ሁሉ የወረዳው ጥፋት ነው አንልም። ገንዘቡ ከላይ እንደሚመጣ፣ ከፊሉም የለጋሾች እንደሆነ እንሰማለን። ግን ከላይ ሲዘገይ ዘግይቷል ብሎ መናገር በወረዳው እጅ ነው። የአቴንዳንስ ወረቀቱ ከቀበሌ ወደ ወረዳ በጊዜው መሄዱ፣ ፔይሮሉ (የክፍያ ዝርዝሩ) ሳይጠራቀም መሠራቱም በወረዳው እጅ ነው። አንድ ጊዜ ክፍያው የቆየው የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ስለሄደ ነው ተብለናል። ያንን ለማስተካከል የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም።

የምንጠይቀው እንዲህ ነው።

የሦስቱ ወር ክፍያ የሚከፈልበት ቀን ይነገረን፣ በጽሑፍ። ካልደረሰም «እስከዚህ ቀን አይደርስም» ይባልልን፤ መጥፎ ዜናም ቢሆን ቀን ያለው ዜና ይሻለናል፣ ሰው በጉን ይሽጥ አይሽጥ ለመወሰን። ከዚህ በኋላ የእያንዳንዱ ወር ክፍያ ቀን አስቀድሞ በየጎጡ ይነገር፣ በበር ወረቀት ብቻ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድም በኩል፣ ማንበብ የማይችለው እንዲሰማ።

በክፍያ ቦታ ላይ ምንም ዓይነት ዕዳና መዋጮ አይሰብሰብ። ሁለተኛው ጠረጴዛ ይነሳ።

በነጋዴ እጅ ያሉ ካርዶች ለባለቤቶቻቸው ይመለሱ። ይህን ስንል ተበዳሪዎቹን አሳልፋችሁ እንዳትሰጡብን፤ ዕዳቸውን በሽማግሌ እንጨርሳለን፣ ካርድ ግን መያዣ መሆኑ ይቁም።

በስልክ መቀበል ለማይችሉ አዛውንትና አካል ጉዳተኞች በእጅ መክፈል ይቀጥል። ለሌላው ደግሞ ወኪሉ በቂ ጥሬ ብር ይዞ በታወቀ ቀን ወደ ቀበሌ ይምጣ፣ የሚወስደው ኮሚሽንም ካለ ስንት እንደሆነ ይለጠፍ።

ነፍሰ ጡር እናት ወረቀቱ እስኪመጣ ሥራ ላይ አትቆይ። መጀመሪያ ትረፍ፣ ወረቀቱ ይድረስባት።

የተመራቂዎች ዝርዝር ሕዝብ ፊት ይነበብ፣ ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ ይሰጥ፣ ባለፈው የወጡት ቤቶች ጉዳይ እንደገና ይታይ። ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት ለኮሚቴያችን ይድረሰን።

መልስ በቃል እንዳይሆንብን። እዚያ ጋ ተባለ፣ እዚህ ጋ ተባለ የሚለው አድክሞናል። ክፍያው ከሰኔ በፊት ካልደረሰ ሕዝቡ ተወካይ መርጦ ወደ ዞን ለመሄድ ተስማምቷል፤ ይህንን በድብቅ እንዳደረግን እንዳይቆጠርብን ከአሁኑ ማሳወቃችን ነው።

እዚህ ያነሳናቸው ጉዳዮች ሁሉ በኮሚቴው መዝገብ ላይ አሉ። የሰዎቹን ስም በይፋ ያልጻፍነው ችግር እንዳይደርስባቸው ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ አጣሪ ከላከ መዝገቡን ይዘን ቤት ለቤት እናሳያለን።

ከሰላምታ ጋር

የቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ጸሐፊ
በቀበሌው የልማታዊ ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ስም